ከብስኩት ቆርቆሮ የወጣ የጀርመን ኒሻን፦ ምንድን ነው? ይሸጣል?

የካሰሉ ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ጀርመን፣ ካሰል ነው ያለሁት። ሰው ሲሞት ወይም አረጋውያን ማረፊያ ሲገባ ቤቱን ባዶ የሚያደርግ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። በቀደም አንድ ምድር ቤት ስናጸዳ የብስኩት ቆርቆሮ ወጣ። ስከፍተው ኒሻን በኒሻን ነው። ወራሾቹ «ውሰደው፣ እኛ አንፈልገውም» አሉኝ። አለቃዬም ቆሞ ሰምቷል፣ ስለዚህ ሌባ እንዳትሉኝ።

ፎቶ አልጫን ስላለኝ በጽሑፍ ልግለጸው። አንድ ጥቁር መስቀል አለ፣ ዙሪያው ብርማ፣ መሃሉ ላይ ደብሊው፣ ከላይ ዘውድ፣ ከታች 1914። ሌላ ቡናማ መስቀል አለ፣ በመሃሉ ሁለት ሰይፍ ያለፈበት፣ ከታጠፈ ወረቀት ጋር። የብረት ቆብ ያለበት ሞላላ ጥቁር ባጅ አለ። 1870 እና 1871 የሚል ክብ የነሐስ ሜዳሊያ አለ። በመጨረሻ ከበድ ያለ ትልቅ ክብ ብረት፤ በአንዱ ፊት መርከብ ይሰምጣል፣ በሌላው ፊት አጽም ቁጭ ብሎ ቲኬት ይሸጣል! ይኼኛው አስፈርቶኛል።

ጥያቄዬ፦ ምንድን ናቸው? ስንት ያወጣሉ? ጓደኛዬ «የሂትለር ዕቃ ነው፣ ፖሊስ ይይዝሃል» ብሎኝ ሐሳብ ገብቶኛል።

ምናለሽ ተራ፦
ብስኩት ቆርቆሮ ከፍቶ ብስኩት ያገኘ ሰው እስካሁን አልሰማሁም። እኛ ቤት ክርና መርፌ ነው የሚወጣው። ለማንኛውም እዚህ ብትሆን ቁራሌው በአንድ የላስቲክ ጆግ ለውጦህ ይሄድ ነበር። የሚያውቅ ሰው እስኪመጣ አትንካው።

ሀብታሙ ዲሲ፦
ጠቅላላውን በመቶ ዶላር እወስደዋለሁ። ኢንቦክስ አድርግልኝ።

አጉሊ መነጽር፦
ሀብታሙ፣ ቀስ! ልጁ ገና ምን እንደያዘ አላወቀም።

የካሰሉ ልጅ፣ እኔ ፍራንክፈርት ነኝ። ከጡረታ በፊት ጀምሮ የካይዘር (የጀርመን ንጉሠ ነገሥት) ዘመን ኒሻን እሰበስባለሁ፤ ከ1918 ወዲህ ያለውን ብዙም አልነካም። በቅድሚያ አትወልውለው። በሎሚና በአመድ እንፈትገው የሚል ሰው ቤትህ ካለ ቆርቆሮውን ደብቅ። ያ የጠቆረው ብር ዕድሜው ነው፣ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። ደግሞም አትበታትነው። አብሮ የተገኘ አብሮ ይቀመጥ፣ ወረቀቱ በተለይ።

አሁን ወደ ዕቃው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ጥቁሩ የብረት መስቀል ነው፣ አይዘርነስ ክሮይዝ የሚሉት። ያንተው የ1914፣ ሁለተኛ ደረጃ። መጀመሪያ የተቋቋመው በ1813 ነው፤ የፕሩሲያው (ያኔ ከጀርመን ግዛቶች አንዱ የነበረው) ንጉሥ ፍሪድሪኽ ቪልሄልም 3ኛ ናፖሊዮንን ሊወጋ ሲነሣ ብሬስላው ከተማ ላይ አወጀው። ቀኑን ማርች 10 ያደረገው የሟች ሚስቱ የንግሥት ሉዊዘ ልደት ስለሆነ ነው። ቅርጹን ያወጣው አርክቴክቱ ካርል ፍሪድሪኽ ሺንክል ነው። ለምን ብረት ሆነ? አገሩ ደህይቶ ነበር። ሕዝቡ የወርቅ ጌጡን ለጦሩ እየሰጠ በምትኩ የብረት ቀለበት ይወስድ ነበር። እንዲያ ባለ ጊዜ ንጉሡ ወርቅ ላድል ቢል ማን ይሰማዋል? ሌላም አዲስ ነገር ነበረው፤ መኮንንም ተራ ወታደርም የሚቀበለው ያንኑ መስቀል ነው። በዚያ ዘመን ይሄ ቀላል ነገር አልነበረም።

ኋላ በ1870፣ በ1914 እና በ1939 ጦርነት በተነሣ ቁጥር እንደገና ታውጇል። ያንተዋ ደብሊው የካይዘር ቪልሄልም ናት፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት። ከሂትለር ጋር አይገናኝም። በዚያ ጦርነት ሁለተኛው ደረጃ ብቻ ከአምስት ሚሊዮን በላይ ተሰጥቷል። ስለዚህ የከበረ ነው እንጂ ብርቅ አይደለም። ጥብጣቡ ጥቁር ሆኖ ግራና ቀኙ ነጭ መስመር ካለው ባለቤቱ ተዋጊ ነበር። ተገላቢጦሽ ነጭ ሆኖ ጥቁር መስመር ካለው ውጊያ ውስጥ ላልገባ የተሰጠ ነው።

ሰይፍ ያለበትን ቡናማ መስቀል ሰብሳቢዎች የሂንደንበርግ መስቀል እንለዋለን። ፕሬዚዳንት ሂንደንበርግ በ1934 ጁላይ ላይ ያቋቋመው ነው፣ ኦገስት ሳይጋመስ ሞተ። በአንደኛው ጦርነት ለነበሩ ሁሉ፣ ላመለከተ። ሰይፍ ያለው ለግንባር ተዋጊ፣ ሰይፍ የሌለው ለሌላው ወታደር፣ ጥቁሩ ለሟች ሚስትና ወላጅ። የሰይፉ ዓይነት ብቻ ከስድስት ሚሊዮን በላይ ነው። ፍሎማርክት (የአሮጌ ዕቃ ገበያ) ላይ አሥር፣ አሥራ አምስት ዩሮ፣ ከዚያ አይዘልም። ወረቀቱ ግን ሌላ ነገር ነው፣ እመለስበታለሁ።

ሞላላው ባጅ የቁስለኛ ባጅ ነው። ካይዘር ቪልሄልም 2ኛ በማርች 1918፣ ጦርነቱ ሊያልቅ ወራት ሲቀሩት አቋቋመው። ጥቁር ለአንድ ወይም ለሁለት ቁስል፣ ብርማ ለሦስትና ለአራት፣ ወርቅማ ለአምስትና ከዚያ በላይ። አምስት ጊዜ ቆስሎ የተመለሰ ሰው ማለት ነው። ሳስበው ይዘገንነኛል።

የ1870ውን ጠርዙን አዙረህ እይልኝ። ፊቱን አልጠየቅኩህም፣ ጠርዙን። መርከቧን ደግሞ ጽሑፏን ፊደል በፊደል ጻፍልኝ። ቀኑ ላይ ወሩ የሚያልቀው በዋይ ነው በአይ?

የካሰሉ ልጅ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ! በሞባይል ባትሪ አየሁት። ጠርዙ ላይ እውነትም ጽሑፍ አለ፣ ጥቂት ቦታ ላይ ተልጧል። «አውስ ኤሮበርተም ጌሹትስ» ይላል። ከተማረከ መድፍ ማለት ነው አይደል?

መርከቧ ላይ ወሩ የሚያልቀው በዋይ ነው። በጣም ግልጽ ነው። ከስር ደግሞ ቀኑ 5 ይላል፣ 1915።

አጉሊ መነጽር፦
ጎበዝ። ጠርዙ ልክ ነው። የ1870/71 የጦርነት መታሰቢያ ነው፣ ቀዳማዊ ቪልሄልም በሜይ 1871 ያቋቋመው። ለተዋጊዎች የተሰጠው ከፈረንሳይ ከተማረኩ መድፎች ነሐስ የተሠራ ነው። ላልተዋጉት ከብረት ሠሩት። እጅህ ላይ ያለው የቀለጠ የፈረንሳይ መድፍ ነው እንግዲህ። ዘመኑ ከሌሎቹ በአርባ ዓመት ስለሚቀድም ያባት ወይም ያያት ይሆናል።

መርከቧ ሉሲታኒያ ናት። በሜይ 7፣ 1915 የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ዩ 20 ከአየርላንድ ዳርቻ አጠገብ በቶርፒዶ መታት። ከአንድ ሺህ አንድ መቶ በላይ ሰው አለቀ። የሙኒኩ ሜዳሊያ ሠሪ ካርል ጌትስ በራሱ ተነሣሽነት ይህን ሠራ። መልእክቱ ስላቅ ነው፦ የመርከብ ኩባንያው ለገንዘብ ብሎ የጦር መሣሪያ በተጫነበት መርከብ ተሳፋሪ ይጭናል፣ ቲኬቱን የሚሸጠው ሞት ራሱ ነው። ግን ጌትስ ቀኑን ሳተ። በ7 ፋንታ 5 ብሎ ጻፈ።

እንግሊዞች ይችን ሲያገኙ ሰርግና ምላሽ ሆነላቸው። «አያችሁ? ከመስመጧ ሁለት ቀን በፊት ሜዳሊያ አዘጋጅተው ነበር፣ ታስቦበት የተደረገ ግድያ ነው» አሉ። ከዚያም ራሳቸው በመቶ ሺዎች ቅጂ አስመቱ፣ በካርቶን ሣጥን አድርገው በአንድ ሺሊንግ ሸጡት። ጌትስ የሠራው ጥቂት መቶ ነው። ቀኑን በኋላ ወደ 7 አስተካክሎታል፣ ግን ማን ሊሰማው!

የጌትስ ኦሪጅናል ላይ ወሩ በጀርመንኛ ነው፣ በአይ ያልቃል። በዋይ ካለቀ የእንግሊዝ ቅጂ ነው። ያንተው የእንግሊዝ ነው። ጀርመን ምድር ቤት ውስጥ ምን ይሠራል? ምናልባት ከጦርነት በኋላ የገዛው አለ፣ ምናልባት ምርኮኛ ሆኖ እንግሊዝ የቆየ። ፎርጅድ ግን አትበለው። የጦርነት ፕሮፓጋንዳ ራሱ ነው፣ እኔ ከኦሪጅናሉ ይልቅ ቅጂውን እወደዋለሁ።

ምናለሽ ተራ፦
የጠላትን ስድብ ወስዶ አባዝቶ መሸጥ። እንግሊዝ!

አዲስ ገቢ ሽቱትጋርት፦
ይቅርታ፣ ክሩን ልጠልፈው። እኔ ባለፈው ዓመት ኦንላይን ላይ የ1914 የብረት መስቀል ገዝቻለሁ። አሁን ስታወሩ ስሰማ ጥርጣሬ ገባኝ። በምንድን ነው ኦሪጅናል መሆኑ የሚታወቀው?

አጉሊ መነጽር፦
በመጀመሪያ ማግኔት። ትክክለኛው መስቀል ከሦስት ክፍል ነው የሚሠራው። መሃሉ ጥቁር የተቀባ ብረት ነው። ፊትና ጀርባው ላይ ሁለት የብር ክፈፍ ይገጠምና ጠርዙ ላይ ይበየዳል። ስለዚህ ማግኔት መሃሉን መሳብ አለበት። ርካሹ ቅጂ አንድ ወጥ ሆኖ በቅርጽ የፈሰሰ ነው፤ ብዙ ጊዜ አይሳብም። አንዳንድ ኦሪጅናል መሃሉ ናስ የሆነ አለ፣ ስለዚህ ማግኔት ብቻውን አይፈርድም።

ከዚያ አሥር ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ያዝ። ጠርዙን እይ። ሁለቱ ክፈፎች የተገናኙበት ቀጭን መስመር መኖር አለበት፣ ዙሪያውን። አንድ ወጥ ለስላሳ ከሆነ ተጠራጠር። ክፈፉ ውስጥ በኩል እንደ ጤፍ የተደረደሩ ጥቃቅን እንክብሎች አሉ። በኦሪጅናሉ እያንዳንዷ ለብቻዋ ትታያለች። በቅጂው ተያይዘው ገንፎ ይሆናሉ። ደብሊዋና ዘውዱ ላይ መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ካየህ የአየር አረፋ ነው፣ በቅርጽ የፈሰሰ ነው ማለት ነው። ትክክለኛው የተመታ ነው፣ አረፋ አይኖረውም።

የላይኛዋን ቀለበት ደግሞ አትርሳ። ብዙ ጊዜ የሠሪው ምልክት እዚያ ላይ ነው፣ ሁለት ሦስት ፊደል። ለምሳሌ ኬ እና ኦ ካለ ኦበርሽታይን የነበረው ክላይን ኡንት ክቬንሰር ነው። ምልክት የሌለውም ብዙ አለ፣ አያስደንግጥህ።

ጥብጣቡን በጨለማ ክፍል በአልትራቫዮሌት ባትሪ አብራበት፣ ያቺ የገንዘብ ኖት የሚፈተሽባት። ነጩ ክር ፏ ብሎ ሰማያዊ ካበራ አዲስ ጨርቅ ነው፣ ያ የሚያበራው ኬሚካል ከጦርነቱ በኋላ የመጣ ነው። ይሄ ግን መስቀሉን አያስኮንንም። ጥብጣብ ያልቃል፣ ሰው ይቀይረዋል።

አዲስ ገቢ ሽቱትጋርት፦
ማግኔቱ ሳበ። መስመሩ አለ። እንክብሎቹም ለየብቻ ናቸው። ቀለበቷ ላይ ግን ምንም የለም። ጥብጣቡ ዲስኮ ቤት ሆነ 😂

አጉሊ መነጽር፦
መስቀሉ ጤነኛ ነው። ጥብጣቡን የሚለውጥልህ ሰው አለኝ፣ ግን ተወው፣ እንዳለ ይሁን።

ቡና በበርሊን፦
የሕጉን ነገር ማንም አልመለሰለትም። እኔ ልሞክር፣ በርሊን ቱሪስት ስለማስጎበኝ በየጊዜው የምጠየቀው ነው። በቤትህ መያዝ ወንጀል አይደለም። የጀርመን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 86ሀ የሚከለክለው የናዚ ምልክትን በአደባባይ ማሳየትና ማሰራጨት ነው። ለታሪክ፣ ለትምህርት፣ ለሥነ ጥበብ የተተወ ቀዳዳ አለው። ፍሎማርክት ላይ ሻጮች ስዋስቲካው ላይ ትንሽ ወረቀት ሲለጥፉ የምታየው ለዚህ ነው።

ካንተ ዕቃ አንዱም ስዋስቲካ የለውም፣ የሂንደንበርግ መስቀሉም ጭምር። በ1934 የወጣ ሆኖ ስዋስቲካ የሌለው መሆኑ ሰውን ሁሌ ይገርመዋል። ወረቀቱን ግን አስተውል። «በፉረሩና በራይኽ ቻንስለሩ ስም» ብሎ ነው የሚጀምረው፣ በሂትለር ስም ማለት ነው። የመንግሥት ማህተሙ ላይ ስዋስቲካ ሊኖር ይችላል። ፎቶ አንሥተህ ከመለጠፍህ በፊት እሷን ሸፍናት።

በነገራችን ላይ በ1957 ወጥቶ እስካሁን ያለ ሕግ አለ። የሁለተኛው ጦርነት ተሸላሚ ኒሻኑን ማድረግ የሚችለው ስዋስቲካው የወጣለትን አዲስ ቅጂ ነው። እነዚያም ራሳቸው አሁን ይሰበሰባሉ፣ ነጋዴዎቹ «57» ይሏቸዋል።

ራሄል ከረሆቮት፦
ሁሉንም በጉጉት አነበብኩት። ግን ልጠይቅ። ኢትዮጵያዊ ሰው የጀርመን ወታደር ኒሻን ሰብስቦ ምን ያደርግለታል? እኔ እስራኤል ውስጥ ነው ያደግኩት። ብረት መስቀል ሳይ ሆዴ ይቆረጣል።

ሀብታሙ ዲሲ፦
ያው ኢንቨስትመንት ነው እህቴ።

አጉሊ መነጽር፦
ራሄል፣ ጥያቄሽ ትክክል ነው። እኔ የምሰበስበው ብረቱን ወድጄው አይደለም፤ አንድ ተራ ሰው አንድ ትልቅ መንግሥት ውስጥ ምን ደረሰበት የሚለውን እጄ ላይ ስለሚያስቀምጥልኝ ነው። አንቺ የምታውቂው ነገር ደግሞ አለ፣ እንድትጽፊው እፈልጋለሁ። የሂንደንበርግን መስቀል ለእነማን ሰጡ?

ራሄል ከረሆቮት፦
ገባኝ ወዴት እንደሚሄዱ። እሺ ልጻፈው። በአንደኛው ጦርነት ወደ መቶ ሺህ የሚሆኑ ጀርመናውያን አይሁድ ዘምተዋል። ወደ አሥራ ሁለት ሺህ ሞተዋል። ብዙዎቹ ብረት መስቀል ነበራቸው። ሂትለር ሥልጣን ላይ እያለ፣ በ1934 እና 35፣ ይኼው የክብር መስቀል ለእነሱም ተሰጥቷል፣ ያው ወረቀት፣ ያው «በፉረሩ ስም»። አያድናቸውም ነበር። በ1942 አንደኛ ደረጃ ብረት መስቀል ያላቸውንና ክፉኛ የቆሰሉትን ወደ ቴሬዚንሽታት የናዚ ካምፕ ላኳቸው፣ «ልዩ መብት» ብለው። ከዚያም ብዙዎቹ ወደ ምሥራቅ ተጫኑ።

የካሰሉ ልጅ፣ ወረቀትህ ላይ ያለው ስም የማን እንደሆነ አይተሃል?

የካሰሉ ልጅ፦
አይቻለሁ። ስሙን እዚህ አልጽፍም፣ ቤተሰቡ አለ። ካሰል አጠገብ ያለ ሰፈር ነው። በእጅ ጽሑፍ ሙያው ሳይቀር አለ፣ አናጺ ነው። 1935 ይላል።

ቡና በበርሊን፦
ጋሼ፣ ከ1918 ወዲህ አልነካም ብለዋል። ከ1918 በፊት ያለው ንጹሕ ነው እንዴ? በ1907 የወጣውን የደቡብ ምዕራብ አፍሪካ (የጀርመን ቅኝ ግዛት የነበረችው የዛሬዋ ናሚቢያ) ዘመቻ መታሰቢያ ሜዳሊያ ያውቁታል። ፊቱ ላይ ጀርማንያ፣ የጀርመን አገር ምሳሌ የሆነችው ሴት፣ ራሷ ላይ ቆብ ደፍታ አለች። ጥብጣቡ ላይ የምትሰካ ቀጭን የብረት ሰሌዳ አለች፣ የዘመተበትን ቦታ ስም የያዘች። ከእነዚያ አንዷ «ኦማሄኬ» ትላለች። ኦማሄኬ በረሃ ነው። በኦገስት 1904 ከቫተርበርግ ውጊያ በኋላ የአገሩን ሕዝብ ሄሬሮዎችን ከነልጆቻቸው የነዱበት፣ ውኃ የከለከሏቸው በረሃ። በኦክቶበር 2 ጄኔራል ፎን ትሮታ የማጥፋት ትእዛዙን አወጣ። የጀርመን መንግሥት የዘር ማጥፋት ነበር ያለው በ2021 ነው። ለዚያ ሥራ ኒሻን ታደለ፣ የቦታው ስም ተጽፎበት። ዛሬ ሰሌዳዋ ያለበት ሜዳሊያ ከሌለበት የበለጠ ያወጣል። ማን ነው የሚያተርፈው?

አጉሊ መነጽር፦
አለኝ። ኦማሄኬ ያለበት። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የማሳየው እሱን ነው። ከስብስቤ አውጥቼ ብጥለው የቀረው የሚያምር ውሸት ይሆናል። ስለ ዋጋው ያልሽው እውነት ነው፣ መልስ የለኝም። እኔ ስገዛ ሻጩ ይጠቀማል። ሙዚየም ቢገዛውም እንደዚያው ነው። ድሬስደን ያለውን የጦር ታሪክ ሙዚየም አይተሽው ከሆነ፣ ሊበስኪንድ ሕንፃውን እንደ ሽብልቅ የሰነጠቀውን፣ እዚያ ዕቃው አለ፣ ታሪኩም አብሮት አለ። ቤቴን እንደዚያ ለማድረግ እሞክራለሁ።

ቡና በበርሊን፦
ሙዚየም ለሁሉም ክፍት ነው። የእርስዎ መሳቢያ አይደለም። አልተስማማሁም፣ ግን ገብቶኛል።

ሌላም ልጨምር። ባዩሜ ሞሐመድ ሁሴን የሚባል ሰው ነበር፣ ዳሬሰላም የተወለደ። ገና ልጅ ሳለ በጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ ጦር ውስጥ ከጀርመኖች ጎን ተሰልፏል። ኋላ በርሊን መጥቶ አስተናጋጅ ሆነ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስዋሂሊ አስተማረ። ያንን የግንባር ተዋጊ መስቀል አመለከተ። አንሰጥህም አሉት። ስድስት ሚሊዮን ሰው ያገኘውን። በ1941 ከነጭ ሴት ጋር ግንኙነት አለህ ብለው ያዙት፣ በ1944 ዛክሰንሃውዘን ካምፕ ውስጥ ሞተ። በርሊን ብሩነንሽትራሰ ላይ፣ ይኖርበት በነበረው ቤት ደጃፍ፣ ስሙ ያለበት ትንሽ የናስ ድንጋይ መሬት ላይ ተቀብሯል። ቱሪስቶቼን አቆማቸዋለሁ።

ምናለሽ ተራ፦
ይሄን አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ።

ትንሽ ልቀይረው፦ ጃንሆይስ የጀርመን ኒሻን ነበራቸው?

አጉሊ መነጽር፦
ነበራቸው። በኖቬምበር 1954 ቦን ሲሄዱ ከጦርነቱ በኋላ ምዕራብ ጀርመንን የጎበኙ የመጀመሪያው የውጭ ርዕሰ ብሔር እሳቸው ነበሩ። ፕሬዚዳንት ሆይስ የፌዴራል ሪፐብሊኩን ትልቁን ኒሻን ሸለሟቸው። ያኔ ኒሻኑ ራሱ ከተቋቋመ ሦስት ዓመቱ ነበር።

አዲስ ገቢ ሽቱትጋርት፦
የአያቴ ኒሻን ቤት አለ፣ ጀርባው ላይ ሴቫጂያን አዲስ አበባ ይላል። እሱስ?

አጉሊ መነጽር፦
ያ የኛው ነው። ሴቫጂያን አዲስ አበባ የነበረ አርመናዊ ጌጥ ሠሪ ነው፣ የቤተ መንግሥት ኒሻን ይሠራ የነበረ። ሌላ ክር ክፈትለት፣ እዚህ ከገባን ሳምንት አንወጣም።

አሁን ወደ ካሰሉ ልጅ ወረቀት ልመለስ ብዬ ነበር። ስም አለህ፣ ሰፈር አለህ፣ የቁስለኛ ባጅ አለህ። ካሰል ያኔ ፕሩሲያ ነበር፣ እና የፕሩሲያ ጦር የወታደር መዝገብ ፖትስዳም ነበር የሚቀመጠው። በኤፕሪል 1945 በአየር ድብደባ ተቃጠለ። ባየር (ባቫሪያ) ቢሆን ኖሮ ሙኒክ ያለው የጦር መዝገብ ቤት ሙሉ ማኅደሩን ባወጣልህ ነበር። ላንተ የሚቀርህ አንድ መንገድ ነው። በጦርነቱ ጊዜ የሞተ፣ የቆሰለ፣ የጠፋ ሰው ስም ዝርዝር በጋዜጣ መልክ ይታተም ነበር፣ ፌርሉስትሊስተን ይባላል። የጀርመን የዘር ሐረግ አጥኚዎች ማኅበር በበጎ ፈቃደኞች ገልብጦ ኦንላይን አስቀምጦታል። በነጻ ነው። የቆሰለ ሰው ስሙ እዚያ መኖር አለበት። የአባት ስሙንና የትውልድ ቦታውን አስገባ። ቦታው ላይ የፊደል ስሕተት ስለሚበዛ አንዱ ካልመጣ ሌላውን ሞክር። ስሙ የወጣበት ቀን የቆሰለበት ቀን አይደለም፣ ሳምንታት ይዘገያል።

የካሰሉ ልጅ፦
አገኘሁት!!! በፈረንጅ ሦስት ሰዓት ከሌሊቱ ነው፣ ነገ ሥራ አለብኝ፣ ግን አገኘሁት። የሰፈሩ ስም አንድ ፊደል ተሳስቷል። አጠገቡ «ላይኽት ፌርቩንደት» ይላል፣ ቀላል ቁስለኛ። 1916። ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ 1918 ላይ አለ፣ እዚያ ላይ «ሽቬር» ነው የሚለው፣ ከባድ።

ራሄል ከረሆቮት፦
ሁለት ጊዜ። ባጁ ጥቁር የሆነው ለዚያ ነው።

አጉሊ መነጽር፦
አሁን የያዝከው ሌላ ነገር ነው። ለብቻው የተሸጠ የቁስለኛ ባጅ ሠላሳ፣ አርባ ዩሮ ነው። ስሙ፣ ወረቀቱ፣ ዝርዝሩ ላይ የወጣበት ገጽ አብሮ ሲሆን ሰብሳቢ ሌላ ዓይን ነው የሚያየው። ስለዚህ መስቀሉን፣ የሂንደንበርጉን፣ ባጁንና ወረቀቱን አንድ ላይ አድርግ። የ1870ውም አብሮ ይቆይ፣ ያባትየው ሊሆን ይችላል። መርከቧ ግን ከሌሎቹ ጋር ዝምድና የላትም፣ እሷን ብትሸጥ ምንም አይጎድልም።

ማስቀመጫውን አደራ። ከብስኩት ቆርቆሮው አውጣው። ላስቲክ ኪስ ውስጥ አትክተት፣ ፒቪሲ የሚባለው ላስቲክ በጊዜ ብዛት አረንጓዴ ቅባት ይተፋበታል። የኦክ እንጨት መሳቢያም አይሆንም፣ አሲድ ያወጣል። አሲድ የሌለበት ወረቀትና ካርቶን በቂ ነው፣ ጫማ ሣጥን ውስጥ የሚመጣውን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ጨምርበት። ብረቱን በባዶ እጅህ አትነካካ፣ ላብ ያዝገዋል። ወረቀቱን አታላሚነው፣ በላስቲክ አታሽገው! ይሄን የምለው ያየሁት ስላለ ነው።

የካሰሉ ልጅ፦
ወራሾቹን በድጋሚ ደወልኩላቸው። ሴትየዋ የተገኘውን ነገር ነገርኳት፣ ሁለት ጊዜ መቁሰሉን። አታውቅም ነበር። የወረቀቱን ፎቶ ላክልኝ አለች፣ ዕቃውን ግን አንፈልግም ብላ ደገመችልኝ። ልኬላታለሁ።

እኔ እንግዲህ አራቱንና ወረቀቱን አስቀምጣለሁ። መርከቧን እሸጣለሁ። ጋሼ፣ ስንት ልበል?

አጉሊ መነጽር፦
ካርቶን ሣጥኗ ከነመግለጫ ወረቀቷ አለች?

የካሰሉ ልጅ፦
የለችም። ባዶዋን ናት።

አጉሊ መነጽር፦
ከሣጥኗ ጋር ቢሆን ጥሩ ይወጣት ነበር። ባዶዋን ስድሳ ብለህ ጀምር። ከአርባ በታች አትውረድ።

ሀብታሙ ዲሲ፦
ሠላሳ አምስት፣ ፖስታውን እኔ እከፍላለሁ።

የካሰሉ ልጅ፦
ሀብታሙ፣ መጀመሪያ ላይ ለሁሉም መቶ ብለህ ነበር። አምሳ።

ሀብታሙ ዲሲ፦
አርባ አምስት። ፖስታ በኔ። ግን ከመላክህ በፊት ያቺን ዋይ ፎቶ አንሥተህ አሳየኝ።

ምናለሽ ተራ፦
ፖስታ ስትልክ በብስኩት ቆርቆሮ እንዳይሆን፣ ጉምሩክ ቀድሞ ይከፍተዋል።